ማርስ ላይ የታመመችው ካሜራ፦ የሜሞሪ ካርድ ብልሽት አጭር ታሪክ

እስቲ ከጥያቄ እንነሳ። ካሜራችሁ ድንገት «ካርዱ ሊነበብ አልቻለም፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል። ካርዱን አውጥቶ እፍ ይልበታል፣ ደንግጦ «እሺ» የሚለውን ይጫናል፣ ወይም «በቃ ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። እፍ ማለቱ እምብዛም አይፈይድም። ሁለቱ ግን የእህታችሁን ሰርግ፣ የአያታችሁን የመጨረሻ ፎቶ፣ የአንድ ዓመት የጥናት ሥራችሁን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቶዎቹ በዚያች ደቂቃ እንኳ ካርዱ ውስጥ በሰላም መቀመጣቸው ነው።

እንዲህ ያለ ችግር ከእናንተ በፊት የገጠማቸው ሰዎች አሉ። ካሜራቸው ግን 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ማርስ ላይ ነበረች። ካርዱን አውጥቶ እፍ ማለት አልተቻለም፤ ወደ ጠጋኝ መውሰድም የማይታሰብ ነበር። ያዳኗት በትክክለኛ ቅደም ተከተል በማሰብ ብቻ ነው። ዛሬ የእነሱን ታሪክ እንነግራችኋለን። ከዚያ በፊት ግን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ካርዱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ እንይ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብልሽት የተወለደ ሜሞሪ

አንድ በርም መስኮትም የሌለው ክፍል አስቡ። ግድግዳው መስታወት ከሚሠራበት ነገር የተሠራ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሆነ ዘዴ ኤሌክትሮኖችን ወደ ውስጥ ብታስገቡ መውጫ ስለሌላቸው እዚያው ይቀራሉ። መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪ ቢወጣ ግድ የላቸውም። ክፍሉ ሙሉ ከሆነ «0»፣ ባዶ ከሆነ «1» ብላችሁ ብትስማሙ ኤሌክትሪክ የማያስፈልገው ማስታወሻ አገኛችሁ ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ በ1967 ያቀረቡት አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዚ ናቸው። ሐሳቡ ግን ገበያ ላይ የዋለ ዕቃ እስኪሆን ጥቂት ዓመታት ወሰደ። መንገዱን የከፈተውም ብልሽት ነበር።

በወቅቱ አዲስ በነበረው ኢንቴል ኩባንያ ዶቭ ፍሮማን የሚባል እስራኤላዊ መሐንዲስ የተበላሹ ቺፖችን እንዲመረምር ተመደበ። ቺፖቹ ውስጥ አንዳንድ ትራንዚስተሮች መቆጣጠሪያቸው ከቀሪው ክፍል ተቆርጦ ለብቻው ቀርቷል። በተቆረጠው ክፍል ላይ የታሰረው የኤሌክትሪክ ሙል የትራንዚስተሩን ጠባይ ይለውጠዋል። ሌላ ሰው ቢሆን «ችግሩ ይኸው፤ አስተካክሉት» ብሎ ሪፖርቱን ጽፎ ይሄድ ነበር። ፍሮማን ግን «ይህ ሙል ታስሮ የሚቀር ከሆነ፣ ሆን ብለን ብናስረውስ?» ብሎ ጠየቀ። በ1971 ኢፕሮም የሚባለው ሜሞሪ ተወለደ። የመጀመሪያው ቺፕ የሚይዘው 2,048 ቢት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምትልኩትን አንዲት አጭር መልእክት ቢይዝ ነው።

ስለ ፍሮማን አንድ ነገር እንጨምር። ከዚህ ግኝት በኋላ ኢንቴልን ለቆ ወደ ጋና ሄደና ኩማሲ ከተማ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና አስተማረ። ዛሬ በኪሳችሁ ለምትይዙት ካርድ መሠረት የጣለው ሰው በአህጉራችን መምህር ሆኖ ያውቃል።

«ፍላሽ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

የፍሮማን ቺፕ አንድ ከባድ ጣጣ ነበረበት። የተጻፈበትን ለማጥፋት ከማሽኑ ነቅሎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ማስቀመጥ ግድ ነው። ለዚህም ሲባል ቺፑ አናት ላይ ትንሽ ግልጽ መስኮት ተሠርቶለት ነበር። ቆይቶ በኤሌክትሪክ የሚጠፋ ሜሞሪ መጣ። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ ስለሚያጠፋ ለእያንዳንዷ ቢት ተጨማሪ ትራንዚስተር ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ውድ ሆነ።

ጃፓን ውስጥ በቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ነገሩን ገልብጦ አየው። «ሁሉን በየተራ ከማጥፋት አንድ ሰፈር ሙሉ በአንዴ ብናጠፋስ?» አለ። እንዲህ ሲሆን ተጨማሪው ትራንዚስተር ይቀራል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ብዙ ነገር ይታጨቃል። ሥራውን በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አቀረበ። በ1987 ደግሞ «ናንድ» የሚባለውን፣ ዛሬ በካሜራ ካርዶችና በስልኮች ውስጥ ያለውን ዓይነት ከባልደረቦቹ ጋር አስተዋወቀ።

ስሙን ያወጣለት ሾጂ አሪኢዙሚ የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ አስታወሰው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ የምትሰኩትን ዕቃ «ፍላሽ» ስትሉ ሳታውቁት የካሜራን ስም እየጠራችሁ ነው። ሜሞሪው ካሜራ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስሙ ቀድሞ ከካሜራ መጥቶ ነበር።

ማሱኦካ ራሱ ከግኝቱ ብዙም አልተጠቀመም። በ1994 ቶሺባን ለቆ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ2004 የቀድሞ ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቁሞ አንድ ቢሊዮን የን ጠየቀ፤ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን ታረቁ።

ከካሴት ወደ ካርድ

በዚህ መሀል ካሜራውም የራሱን መንገድ እየተጓዘ ነበር። በ1975 በኮዳክ የሚሠራው ወጣት መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ገጣጠመ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የሚያነሳው ፎቶ 10,000 ነጥብ ብቻ ያለው ጥቁርና ነጭ ሲሆን አንዱን ፎቶ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጃል። የት ይመዘግበዋል ብትሉ፣ ዘፈን የምንሰማበት ዓይነት ካሴት ላይ!

በ1988 ፉጂ ጀርመን ውስጥ በተካሄደ የፎቶ ዐውደ ርእይ ላይ ተነቃይ ካርድ ያለው ዲጂታል ካሜራ አሳየ። ካርዱ ከአምስት እስከ አሥር ፎቶ ይይዛል። ፍላሽ ግን ስላልነበረ ፎቶው ሳይጠፋ እንዲቆይ የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል። ባትሪው ካለቀ ፎቶውም አለቀ። ይህን ሥጋት ያስቀረው የማሱኦካ ፈጠራ ነው ማለት ይቻላል። ሳንዲስክ በ1994 ኮምፓክትፍላሽ የሚባለውን ካርድ አወጣ። በ1999 ደግሞ ሳንዲስክ፣ ቶሺባና ፓናሶኒክ ተባብረው ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን የኤስዲ ካርድ አስተዋወቁ።

የኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አይታችኋታል? ወደ ታች ስትገፏት ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» ይላል። ይህች መዝጊያ በካርዱ ውስጥ ካለው ኤሌክትሮኒክስ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ቦታዋን የሚያነበው ካሜራው ነው። የድሮ ካሴት ላይ እንዳይቀዳበት ሲፈለግ ትሰበር የነበረችው ጥርስ የልጅ ልጅ ናት በሏት። ብዙ «ተበላሸ» የተባለ ካርድ በሽታው ይህች መዝጊያ ናት፤ ከቦርሳ ሲወጣ ሳይታወቅ ተገፍታ።

አሥራ ስምንተኛው ቀን

አሁን ወደ ማርስ እንሂድ። ስፒሪት የተባለችው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት በሰኔ 2003 ከምድር ተነሥታ በጃንዋሪ 2004 መጀመሪያ ማርስ ላይ ጉሴቭ በሚባል ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ አረፈች። የታሰበላት ዕድሜ 90 የማርስ ቀናት ነበር። ኮምፒውተሯ ከዛሬ ስልኮች ጋር ሲነጻጸር የልጅ መጫወቻ ነው፤ 128 ሜጋባይት የሥራ ሜሞሪ (ራም) እና 256 ሜጋባይት ፍላሽ ነበራት። ፎቶዎቿን የምታስቀምጠው በፍላሹ ላይ ነው።

በ18ኛው የማርስ ቀን፣ ጃንዋሪ 21፣ ስፒሪት አዲሮንዳክ የሚል ስም የወጣለትን ድንጋይ ለመፈተሽ እየተዘጋጀች ሳለ ድምጿ ጠፋ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት አየሩን ነው፤ አውስትራሊያ ባለው የሬዲዮ መቀበያ ጣቢያ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። ዝናቡ አለፈ፤ ስፒሪት ግን አልተመለሰችም። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት አልፎ አልፎ ባዶ የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ይመጣ ጀመር። «አለሁ» ትላለች፣ ግን ምንም አትናገርም።

በካሊፎርኒያ የጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ የነበረውን ጭንቀት ገምቱት። እህቷ ኦፖርቹኒቲ፣ ያንኑ ሶፍትዌር ተሸክማ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ልታርፍ ነው። የስፒሪት በሽታ ካልታወቀ የሷም ዕጣ ያው ሊሆን ነው።

በጃንዋሪ 23 በጣም በዘገምተኛ ፍጥነት ጥቂት መረጃ መጣ። ይዞት የመጣው ዜናም አስደንጋጭ ነበር። ኮምፒውተሯ ከ60 ጊዜ በላይ ጠፍታ ተነሥታለች። ልትነሣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትነሣለች። ሌሊት መተኛት ሲገባት አልተኛችም፤ ሙቀቷ ጨምሯል፤ ባትሪዋ እየተሟጠጠ ነው። ስልካችሁ አርማውን እያሳየ ደጋግሞ ሲጠፋና ሲበራ አይታችሁ ከሆነ በትክክል እሱ ነው።

የሶፍትዌሩ ቡድን መሪ ግሌን ሪቭስ ነበር። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር እንዲሁ በራሷ እየጠፋች ስትነሣ ችግሩን ከፈቱት ሰዎች አንዱ ነው። ቡድኑ እንዲህ አሰበ፦ ኮምፒውተሯ የምትወድቀው ሁሌም ስትነሣ ነው። ስትነሣ ከምታደርጋቸው ነገሮች አንዱ ፍላሹን ከፍታ ማንበብ ነው። እንግዲያው ፍላሹን ሳትነካ እንድትነሣ ብናደርጋትስ?

ደግነቱ ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ ትዕዛዝ ነበር፤ ፍላሹን ትታ በራም ብቻ እንድትሠራ የሚያደርግ። ትዕዛዙ ተላከ። ሬዲዮ በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም ማርስ ለመድረስ ብቻ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱ ለመምጣትም ያንኑ ያህል። ስፒሪት ተነሣች። አልወደቀችም። በሽተኛው ፍላሹ አካባቢ መሆኑ ታወቀ።

መጽሐፉ ወይስ ማውጫው?

አሁን ትልቁ ጥያቄ መጣ። ፍላሹ ራሱ ተቃጥሏል? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልሱን ለመረዳት ካርድ ወይም ፍላሽ እንዴት እንደሚደራጅ ማወቅ አለባችሁ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አስቡ። ፊት ለፊቱ ላይ ማውጫ አለው፤ «ይህ ፎቶ ከዚህ ገጽ እስከዚያ ገጽ ነው» የሚል። ካሜራችሁ ፎቶ ሲፈልግ መጽሐፉን በሙሉ አያገላብጥም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያነበው። ይህ የማውጫ አሠራር «የፋይል ሥርዓት» ይባላል። በኤስዲ ካርዶች ላይ ያለው «ፋት» የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ መነሻው 1977 አካባቢ ለፍሎፒ ዲስክ የተሠራ አሠራር ነው። ስፒሪትም የተጠቀመችው የዚሁ ዘመድ የሆነ ሥርዓት ነበር።

የስፒሪት ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ሮቦቷ ማውጫውን በሙሉ ራም ላይ ገልብጣ ታስቀምጣለች። ወደ ማርስ በተጓዘችባቸው ሰባት ወራት ገደማ ብዙ ፋይል ተጠራቅሟል፤ ካረፈች በኋላ ደግሞ በየቀኑ በርካታ ይጨመራል። ማውጫው አደገ፣ አደገ፣ በመጨረሻ ለእሱ ከተመደበው ራም በላይ ሆነ። ፋይል ቢጠፋ እንኳ ማውጫው ውስጥ የያዘው መስመር አይቀንስም ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሯ በተነሣች ቁጥር ማውጫውን ልትጭን ትሞክራለች፣ ቦታ ያጥራታል፣ ትወድቃለች። በተነሣች ቁጥር የሚገጥማት ያው ማውጫ ነውና በራሷ ልትወጣው የማትችለው አዙሪት ሆነባት።

የሚያስቆጨው ሌላ ነገር አለ። መሐንዲሶቹ ፋይሎቹ እየበዙ መሆኑን አይተው አሮጌዎቹን የሚያጸዳ ፕሮግራም በ15ኛው ቀን ልከው ነበር። ከፕሮግራሙ ከፊሉ በአግባቡ ሳይደርስ ቀረ። እንደገና እንዲላክ የተያዘለት ቀጠሮ 19ኛው ቀን ነበር። ስፒሪት ግን በ18ኛው ቀን ወደቀች። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ቀደማቸው።

እንግዲህ ፍላሹ አልተቃጠለም ነበር። የሞላውና የተጨናነቀው ማውጫው ነው። መሐንዲሶቹም ወዲያው «ፎርማት» አላደረጉም። በመጀመሪያ ማየትና ማውረድ የሚቻለውን መረጃ አወረዱ፤ ከዚያ አላስፈላጊ ፋይሎችን አጠፉ፤ በመጨረሻ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርገው ንጹሕ አድርገው አስነሷት። ስፒሪት ወደ ድንጋይዋ ተመለሰችና አዲሮንዳክን ፈተሸች። ለ90 ቀን የተላከችው ሮቦት እስከ 2010 ከምድር ጋር ስትነጋገር ቆየች፤ 7.7 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። ኦፖርቹኒቲም ከእህቷ በሽታ በተገኘው ትምህርት ተጠበቀች።

ዲሊት ያደረጋችሁት የት ይሄዳል?

ከስፒሪት ታሪክ ለእናንተ ካርድ የሚጠቅም ትልቅ ቁም ነገር አለ። ካሜራችሁ «ካርዱ አይነበብም» ሲል ብዙ ጊዜ እየነገራችሁ ያለው «ማውጫውን ላነበው አልቻልኩም» ነው። ፎቶ እየጻፈ ሳለ ባትሪ አልቆበት ወይም እናንተ ቸኩላችሁ ካርዱን ነቅላችሁት ከሆነ ገጹ ተጽፎ ማውጫው ሳይሞላ ይቀራል። መጽሐፉ ግን ሙሉ ነው።

ፎቶ ዲሊት ስታደርጉም እንደዚያው ነው። ካሜራው ማውጫው ላይ ያንን መስመር «ይህ ቦታ ነጻ ነው» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ ገጹን አይቀድደውም። ብዙ ካሜራዎች ፎርማት ሲያደርጉም በአብዛኛው አዲስ ባዶ ማውጫ ነው የሚጽፉት። አሮጌው ፎቶ የሚጠፋው አዲስ ፎቶ በላዩ ሲጻፍበት ነው።

ይህን ያወቁ ሰዎች ማውጫውን ጨርሶ ትተው ገጾቹን አንድ በአንድ የሚያነቡ ፕሮግራሞችን ሠርተዋል። ከታወቁት አንዱ ፎቶሬክ ነው፤ ክሪስቶፍ ግሬኒየር የተባለ ፈረንሳዊ ለማንም በነጻ ያቀረበው። ሥራው ቀላል በሆነ እውነት ላይ ይቆማል፦ እያንዳንዱ የጄፔግ ፎቶ የሚጀምረው በተወሰኑ የታወቁ ባይቶች ነው። ፕሮግራሙ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ እነዚያን ባይቶች ባገኘ ቁጥር «እዚህ ጋ ፎቶ ይጀምራል» ይላል። የፋይሉን ስም አያገኝም፣ ምክንያቱም ስሙ ያለው ማውጫው ላይ ነው። ፎቶው በካርዱ ላይ ተቆራርጦ በተለያየ ቦታ ተቀምጦ ከሆነም ግማሹ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም ብዙ «የጠፋ» ፎቶ በዚህ መንገድ ተመልሷል።

ካርዱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር

በእርግጥ አንዳንዴ መጽሐፉ ራሱ ያረጃል። በር የሌለውን ክፍል አስታወሳችሁ? በር ከሌለው ኤሌክትሮኖቹ እንዴት ገቡ? በኳንተም ፊዚክስ ሕግ ግድግዳው በጣም ሲቀጥንና በቂ ቮልቴጅ ሲኖር ኤሌክትሮኖች ግድግዳውን ሳይሰብሩ ሾልከው ያልፋሉ። ያለፉ ቁጥር ግን ግድግዳው ላይ ጥቂት በጥቂት ጉዳት ይደርሳል። በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ሲጻፍበትና ሲጠፋበት ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ካርድ ያረጃል። ለዓመታት ምንም ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠም ቢሆን ቀስ በቀስ ኤሌክትሮኖቹ ሊሾልኩ ይችላሉ። ሜሞሪ ካርድ ማስተላለፊያ ነው እንጂ ለልጅ ልጅ የሚቆይ መዝገብ ቤት አይደለም።

ይህን እርጅና ለመቋቋም እያንዳንዱ ካርድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። አዎ፣ በጣት ጥፍር በምታክለው ማይክሮኤስዲ ውስጥም። ይህ ኮምፒውተር ስሕተት ያርማል፣ የሞቱ ክፍሎችን ያልፋል፣ ጽሑፉ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ እንዳይደጋገም ያዟዙረዋል። ናንድ ፍላሽ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አንዳንድ የማይሠሩ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ እናንተ የማታዩት ይህ ኮምፒውተር ስለሚደብቃቸው ነው።

የሚደብቅ ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። በ2013 መጨረሻ ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አንድሩ ሁዋንግ እና ሾን ክሮስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች አንዳንድ ኤስዲ ካርዶች ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር የራሳቸውን ፕሮግራም ጭነው እንዴት እንዳዘዙት አሳዩ። ገበያ ላይ ያሉት አስመሳይ ካርዶችም የሚሠሩት በዚሁ ክፍተት ነው። በውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ ያለው ካርድ «እኔ 128 ነኝ» እንዲል ይደረጋል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በደንብ ይገባሉ። ስምንቱ ሲሞላ ግን ቀጣዮቹ በቀደሙት ላይ ይጻፋሉ ወይም የትም ሳይገቡ ይቀራሉ። ካሜራው ምንም አይልም፤ ማውጫው ላይ ስማቸው ስላለ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ጉዱ የሚታወቀው ፎቶውን ልትከፍቱ ስትሞክሩ ነው።

ታዲያ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

የማርስ መሐንዲሶችን መንገድ ተከተሉ፦ መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ ለይ፣ ከዚያ አውጣ፣ መጨረሻ ላይ አጽዳ። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው ፎቶ የሚያጠፋው።

አንደኛ፣ ማንሳት አቁሙ። ካሜራው «ፎርማት ይደረግ?» ካለ «አይ» በሉት። በካርዱ ላይ አንዲት ተጨማሪ ፎቶ እንኳ አታንሱ፤ ያቺ አንዲት ፎቶ የምትጻፍበት ቦታ ልታድኑት የምትፈልጉት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀላሉን አስቀድሙ። መዝጊያዋ ተገፍታ እንደሆነ እዩ። የካርዱን የወርቅ ቀለም ያላቸው መስመሮች በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። እፍ አትበሉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ማይክሮኤስዲ ከሆነ በሌላ አስማሚ ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ በሽተኛውን ለዩ። ካርዱን በሌላ ማንበቢያና በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ፤ ካሜራውን ደግሞ በሌላ ካርድ። ካርዱ ሌላ ቦታ ከተነበበ ታማሚው ካሜራው ወይም ማንበቢያው ነው። ካሜራው በሌላ ካርድ ከሠራ ታማሚው ካርዱ ነው። ስፒሪትን ፍላሹን ሳትነካ ማስነሣት ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየት። አሮጌ ማንበቢያ አዲስና ትልቅ ካርድ ላያውቅ እንደሚችልም አትርሱ፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ካርዶች ሌላ ዓይነት ማውጫ ነው የሚጠቀሙት።

አራተኛ፣ ከተነበበ ወዲያውኑ ገልብጡ። ካልተነበበ ግን ኮምፒውተሩ ካርዱ መኖሩንና ትክክለኛ መጠኑን ካሳየ እንደ ፎቶሬክ ባለ ፕሮግራም ሞክሩ። የተገኘውን ፎቶ ግን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡት እንጂ መልሳችሁ በዚያው ካርድ ላይ አታስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ካርዱን ጭራሽ የማያየው ከሆነ በውስጡ ያለው ትንሹ ኮምፒውተር ሳይሞት አልቀረም። ያን ጊዜ ፎቶው በጣም የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወደ ባለሙያ መሄድ እንጂ በራሳችሁ መጎርጎሩ አይመከርም።

አምስተኛ፣ ፎቶው ከወጣ በኋላ ብቻ ካርዱን በራሱ በካሜራው ፎርማት አድርጉት። ከዚያ ፈትኑት፤ ኤፍ-ስሪ እና ኤችቱ-ቴስት የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነባሉ፣ የጻፉትና ያነበቡት አንድ ካልሆነ ይናገራሉ። ስሕተት ከተገኘ ካርዱን አትመኑት። አዲስ ካርድ ስትገዙም ሰርግ ላይ ከመውሰዳችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑት፤ አስመሳዩ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

የማርስ መሐንዲሶች በጃንዋሪ 2004 ከእናንተ የተሻለ መሣሪያ አልነበራቸውም። ካርዱን መንካት እንኳ አይችሉም ነበር። የነበራቸው ጥያቄ የመጠየቅ ትዕግሥት ነው፦ የጠፋው መጽሐፉ ነው ወይስ ማውጫው? እናንተም ካሜራችሁ «ካርዱ አይነበብም» ባላችሁ ቀን ጣታችሁን ከ«እሺ» ላይ አንሡና ይህን ጥያቄ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ማውጫው» ነው፤ ያ ከሆነ ደግሞ ፎቶዎቻችሁ እዚያው ናቸው።